ልብስ ሰፊዋና ዝም ያለው ባሏ

ልብስ ሰፊዋ ስታገባው ባሏ ወሬኛ ነበር። ሳክስፎኑን ከአፉ ሲያወርድ ወሬ፣ ወሬው ሲያልቅበት ሳክስፎን፤ ጎረቤት ግድግዳ የሚደበድበው በሁለቱም ነበር። ትንሿን ልጃቸውን ትከሻው ላይ አስቀምጦ መንገዱን ሁሉ ሲያስቅ ዛሬም ይታያታል።

ሃምሳን ሲሻገር ግን ከሦስት መሰሎቹ ጋር «ዝምታና የሰው ለሰው ትስስር» የሚሉት ኮንሰርት ጀመረና ምላሱን ሰበሰበ። ቤት ውስጥ የመጨረሻ ቃሉ «ልምምድ ላይ ነኝ» የሚል ነበር። ከዚያ ወዲህ ጨው አቀብዪኝ የሚለው በአገጩ ነው። እሷም ወሬ ሲያምራት ያለቀ ቀሚስ ላይ እንከን እየፈለገች ደንበኛ ማመላለስ ለመደች።

ይህን ሁሉ ችላ ኖረች። ያልቻለችው የልጃቸውን ነገር ነው። ልጅቷ ሙዚቃውን ትታ ጥርስ ሐኪም ልሁን ባለች ጊዜ አባት አኮረፈ፤ ለኩርፊያው ደግሞ ከልምምዱ የተሻለ ሽፋን አልነበረም። አሁን ሩቅ ከተማ ሥራ አግኝታ ነገ ጠዋት ልትሄድ ነው። እናት የለመነችው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ በሰላም ግቢ ይበላት። እሱ እጁን ደረቱ ላይ አድርጎ ዓይኑን ጨፈነ። ምን ማለቱ እንደሆነ ራሱም የሚያውቅ አይመስልም።

በዚያ ምሽት ኮንሰርት ነፊዎቹ ከመድረክ ወርደው ከተመልካች ጋር እንደሚቀመጡ ስትሰማ ተስፋ አደረገች፤ ምናልባት ያኔ ልጁ ጋ ይሄድ ይሆናል።

«እማዬ፣ ቤትም እኮ አብሮን ይቀመጣል» አለች ልጅቷ። ለእናቷ ስትል ግን ሄደች።

አራቱ አንዲት ድምፅ ነፉና ቆሙ። ቆመውም ቀሩ። የአንዱ ሆድ ጮኸ፤ አንድ ባለ መነጽር ተመልካች ለዚህም በአድናቆት ራሱን ነቀነቀ። ከዚያ ሳክስፎናቸውን እንዳንጠለጠሉ ወረዱ፤ እያንዳንዳቸው አንድ ሰው መርጠው፣ እጁን ይዘው፣ ዓይን ዓይኑን ሊያዩት ነው። ባሏ በልጁ አጠገብ አለፈ። ከኋላዋ ካለው ረድፍ አንድ የማያውቀውን ሰውዬ እጅ ያዘና እንባው ዱብ ዱብ አለ። ሰዉም አፍንጫውን ይስብ ጀመር።

ልብስ ሰፊዋ ድምፅዋን ሳትቀንስ «ልጅህ ከኋላህ ናት። ነገ መሄዷ ነው» አለችው።

ዞረ። ልጁን አያት። ከዚያ ጣቱን ከንፈሩ ላይ አደረገ።

ባለ መነጽሩ ይህም የኮንሰርቱ ክፍል መስሎት በረጅሙ ተነፈሰ። ልጅቷ ቦርሳዋን አንስታ ወጣች። እናትም ተከተለቻት፤ ወንበሩ ሲንጣጣ ግድ አልሰጣትም።

ደጅ ላይ ታለቅሳለች ብላ ፈርታ ነበር። ልጅቷ ግን ስለተከራየችው ክፍል ታወራላት ጀመር፤ ጠባብ ነው፣ ብርሃን ግን አለው።

«የስፌት መኪና ያስገባል?» አለች እናት።

ልጅቷ ቀና ብላ አየቻት። ወዲያው እዚያው መንገዱ ላይ ቆማ፣ አልጋው እዚህ ከሆነ፣ በሩ እዚያ ከሆነ እያለች፣ በተዘረጋ ክንዷ ቦታውን ትለካላት ጀመር።