የኢተያ ቁልቁለት

ይህን ነገር እስካለፈው ቅዳሜ ድረስ ለማንም አልተናገርኩም። ለሚስቴም፣ ለንስሐ አባቴም። ጾም ሻርኩ፣ ሰው አማሁ እያልኩ ጥቃቅኑን ስዘረዝር ይቺን ዘልዬ አልፋት ነበር። ዓይኔን በጨው አጥቤ!

አዳማ ውስጥ መካኒክ ነኝ። ቀይ፣ ባለሁለት በር የስፖርት መኪና ነበረችኝ። ቱርቦ የገጠምኩላት እኔ፣ ዝቅ ያደረግኳት እኔ፣ የጭስ ማውጫ ማርሚታዋን ቀይሬ ሰፈሩን ያስጮህኩት እኔ። ጉልበቷን እጥፍ ሳደርገው ፍሬኗን ግን እንዳለ ተውኩት። አንድ ቀን ከአሰላ ስመለስ፣ ከኢተያ ወደ ዴራ በሚወርደው ቁልቁለት ላይ ፍሬኑ ጋለና ፔዳሉ ወለል ነካ። በማርሽና በእጅ ፍሬን እንደምንም አቆምኳት። በማግሥቱ ፍሬኗን ሳልነካ ለሽያጭ አወጣኋት።

የገዛት ቶላ የሚባል የወለንጪቲ ሽንኩርት ነጋዴ ነው። «ጋሼ፣ ሙሽራዬን ከአሰላ የማመጣው በሷ ነው» አለኝ። ሰምቻለሁ፣ አልሰማሁም አልልም። ልሞክራት ሲለኝስ ወዴት የወሰድኩት ይመስላችኋል? ሜዳ ለሜዳ፣ ወደ ወለንጪቲ! ቁልቁለት የሌለበትን መንገድ የመረጥኩት እኔ ነኝ። ቁልፉን ሳስረክበውም እንደ ወጉ «ገደኛ ትሁንልህ» ብዬ መረቅኩት። በዚሁ አፌ!

በሠርጉ ቀን እዚያው ቁልቁለት ላይ ፍሬኑ ከዳው። ስንዴ ማሳ ውስጥ ገብተው ተገለበጡ። ነፍሳቸው ተረፈች፤ የሙሽራዋ የኤቢሴ እግር ግን ተሰበረ፣ ዛሬም ታነክሳለች። በሳምንቱ ቶላ ጋራዤ ድረስ መጣ። ሊያንቀኝ ነው ብዬ ነበር። «ጋሼ፣ እንዲያ የለፉባትን መኪና አጠፋኋት፣ ፍሬኑ እምቢ ያለኝ ሳይታወቀኝ ፈጥኜ ነው መሰል፣ ይቅርታ» አይለኝ መሰላችሁ! እኔስ ምን አልኩ? «አይዞህ፣ ወጣትነት ነው፣ ሁለተኛ ቀስ ብለህ ንዳ» አልኩት። መከርኩት እኮ! ከመሸጤ ይልቅ ያ ምክር ነው ያቃጠለኝ።

ከዚያ ወዲህ ቶላ መሪ ጨብጦ አያውቅም። የኤቢሴ እናትም «ልጄን በጥጋቡ አሽመደመዳት» እያሉ ቤቱን ረግጠው አያውቁም። ይህን ሁሉ እሰማ ነበር። እሰማና ወደ ሥራዬ እመለስ ነበር።

ባለፈው ቅዳሜ ግን መሸከም አቃተኝና ቤታቸው ሄድኩ። ባልና ሚስቱ ባሉበት ሁሉንም ዘረገፍኩት። ቢመታኝ ዝም ብዬ እቀበል ነበር። ቶላ ግን ወደ ሚስቱ ዞሮ «አልፈጠንኩም! መጀመሪያውኑ አልፈጠንኩም ብዬሽ አልነበር?» አለና ድምፅ አውጥቶ አለቀሰ። ኤቢሴ እጁን ያዘችው። እኔን ግን ይቅር አላለችኝም። «ይህን ለእናቴ በራስዎ አፍ ይንገሯት» ብቻ አለችኝ።

እውነቱን ልናገርና፣ ከዚያ ቀን ወዲህ ደረቴ ቀሎኛል፣ እህል ይጥመኛል። እንዲህ ቅልል ማለቴ ራሱ ያሳፍረኛል። ይቅር በሉኝ ብዬ አላስቸግራችሁም፤ በምን አፌ? እሁድ አሰላ እሄዳለሁ። እናቲቱ ቢረግሙኝም፣ ቢያባርሩኝም ደጃቸው ላይ ቆሜ፣ ጎረቤቱ ሁሉ እየሰማ፣ አማችዎ አልፈጠነም እላቸዋለሁ።