የሚዘረጋው ወንበር

ባንችይርጋ ላሊበላ ውስጥ የአውሮፕላን ትኬት ቆራጭ ናት። ትኬት ቆራጭስ ሞልቷል፤ የእሷ ሙያ ለየት ይላል። ወንበሩ እንደ አልጋ የሚዘረጋውን፣ ለሀብታም የተሠራውን ቢዝነስ ክላስ በግማሽ ዋጋ ፈልፍላ ታወጣለች። ከአዲስ አበባ ሲነሳ እሳት የሆነው ዋጋ ከናይሮቢ ሲነሳ እንደሚበርድ፣ ያልተሸጠ ወንበር በየትኛው ወር እንደሚረክስ ጠንቅቃ ታውቃለች። ፈረንጆቹ ራሳቸው "እንዴት አገኘሽው?" ይሏታል።

ለሰው ስትፈልግ ኖራ ዘንድሮ ለገዛ አባቷ ፈለገች። መሪጌታ ተክለ ሚካኤል ገነተ ማርያም ሲያገለግሉ ወድቀው ወገባቸው ተሰብሯል፤ መተኛት እንጂ መቀመጥ አይችሉም። ገናን ሊያይ የመጣ አንድ የካናዳ ሐኪም "እዚያ ከደረሱ በነጻ አክማቸዋለሁ" ብሎ ቀጠሮ አስያዘላቸው። ቪዛውም ወጣ። ጭንቁ መድረሱ ነው! አሥራ አራት ሰዓት ተቀምጦ መብረር ለእሳቸው ሞት ነው።

አምስት ወር ሙሉ ፈለገች። አንድ ማክሰኞ ቀን አንዲት ወንበር በግማሽ ዋጋ ብቅ አለች፤ ቶሎ ብላ በአባቷ ስም ያዘቻት። የእሷ ቢሮ ግን የውጭ ትኬት ማውጣት አይችልም። የሚያወጣላት አዲስ አበባ ትኬት ቢሮ ያለው ኢያቄም ነው። ኢያቄም ደግሞ ባዳ አይደለም፤ ልጁን ማኅሌትን በሰማንያ ቀኗ ክርስትና ያነሳችው ባንችይርጋ ናት። ብሩንም ወንበሯ የተያዘችበትን ኮድም ላከችለት። ወረቀት? ፊርማ? ኧረ ወዲያ! አበልጅን ማን ያስፈርማል?

"አበልጄ፣ ሐሳብ አይግባሽ። ነገ ጠዋት እጅሽ ይገባል" አላት።

በማግስቱ አምስት ሰዓት ላይ ኮዱን ብታስገባ "ተሰርዟል" ይላል፤ ያውም ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት። ክው አለች። ስድስት ጊዜ ደውላ በሰባተኛው አነሳ።

"አትቆጪ አበልጄ። አንድ ነጋዴ ካልሄድኩ ብሎ እጥፍ ከፈለኝ። ለመሪጌታ እዚያው አውሮፕላን ላይ ከኋላ ይዤላቸዋለሁ። የሚደርሱት እኮ እኩል ነው!"

እኩል! ነጋዴው ተዘርግቶ ሲያንኮራፋ፣ ወገበ ሰባራው ሽማግሌ ከኋላ ተቀምጠው ሊሞቱ! ያመኑት ፈረስ ይጥላል በደንደስ።

"አንተ ከሐዲ! መቀመጥ እንደማይችሉ እያወቅህ? ልጅህን በዚህ እጄ አላነሳሁልህም?" ብላ ጮኸች። ስልኩ ተዘግቷል።

ሌላ ፈለገች፤ የለም። ሙሉ ዋጋው ቤታቸውን ቢሸጡም አይሞላ። እግሯን እየጎተተች ልትነግራቸው ሄደች።

መሪጌታ መደባቸው ላይ ተጋድመዋል፤ ፊታቸው ግን በርቷል።

"ባንቺ፣ ያ አበልጅሽ እንዴት ያለ የተባረከ ልጅ ነው!" አሏት ገና በሩን ሳታልፍ። "ደውሎልኝ ነበር።"

"ምን አለዎት አባቴ?"

"'ይመርቁኝ' አለኛ! አልጋውን ያገኘልኝ እሱ አይደል? እንባዬ እስኪመጣ መረቅሁት፤ እሱንም ልጁንም።"

"ስንት ሰዓት ላይ?"

"አራት ሰዓት ቢሆን ነው። ምነው?"

ባንችይርጋ መደቡ ጫፍ ላይ ዘፍ አለች። ሰርዞ፣ ሸጦ፣ ከዚያ በኋላ ነው የደወለው። ወንበሩ አልበቃው ብሎ ምርቃታቸውንም ወሰደባቸው።

"አባቴ፣" አለች፣ "ሲመርቁት አሜን አለ?"

"ሦስት ጊዜ" አሉ መሪጌታ።