መርዶዬን የቀደምኩበት ሩጫ

ሰሞኑን ቤታችን ውስጥ ሰው ሁሉ ጥሩ ሆኗል። ይሄ ነገር ደስ አላለኝም።

ጉልበቴን ኦፕሬሽን ከተደረግኩ ሁለተኛ ሳምንቴ ነው። የመጀመሪያውን ሳምንት ማንም አላዘነልኝም፤ ልጄ ሜሮን "ተነሺ እንጂ እማዬ፣ ዶክተሩ ተራመጂ ብሏል" እያለች ስትጮህብኝ ነበር የከረመችው። ከማክሰኞ ወዲህ ግን ድምጿ ቅቤ ሆነ። ሥራ አልሄድም አለች። ባሏ፣ ያ ደህና አደርሽ ለማለት እንኳን የሚሰንፈው ሰውዬ፣ መጥቶ ትከሻዬን ስሞ ወጣ። የታችኛው ፎቅ ጎረቤታችን አጥሚት ይዛ መጥታ አይን አይኔን እያየች ተቀመጠች። ስልኬንም ሜሮን "አፕዴት ላድርግልሽ" ብላ ወስዳዋለች፤ ይኸው ሦስት ቀን አለፈው። ዩኒቨርሲቲ አስገብታው ነው?

እኔ ፊደል አልቆጠርኩም፤ የሰው ፊት ማንበብ ግን ማንም አይበልጠኝም። የሆነ ሰው ሞቷል። ገና አልነገሩኝም እንጂ።

እንዲህ ያለውን ደግነት አንድ ጊዜ ቀምሼዋለሁ። ያኔ ሃያ ስድስት ዓመቴ ነው፤ በፈረንጆቹ ዘጠናዎቹ ውስጥ። ከአስካለ ጋር እዚሁ ከተማ፣ ፍሌሚንግደን ፓርክ በሚባል ሰፈር፣ አስራ አንደኛ ፎቅ ላይ፣ አንዲት ክፍል ተከራይተን እንኖር ነበር። አስካለን ያወቅኳት ሱዳን ነው። በዕድሜ በሁለት ዓመት ትበልጠኛለች፤ በክብደት ስንት እንደምትበልጠኝ አልናገርም፤ ብትሰማ ትገድለኛለች።

ሩጫ የጀመርኩት ጠግቤ አይደለም። ሆቴል ላውንድሪ ውስጥ ነበር የምሠራው። አንድ ጠዋት ባሱ ጥሎኝ ሄደ፤ እኔም በዶን ሸለቆ በኩል፣ በወንዙ ዳር ባለው መንገድ በሩጫ ወረድኩ። ሺፍቴ ላይ ደረስኩ። ከዚያ ወዲያ ባስ መጠበቅ አስጠላኝ፤ ሁልጊዜ መሮጥ ሆነ። አብራኝ አንሶላ የምታጥፍ ጆይስ የምትባል የጃማይካ ሴት አለች፤ በእረፍት ቀኗ ጫካ ለጫካ የምትሮጥ። እብድ እብድን ያውቃል። ወስዳ ሬጅስተር አደረገችኝ። በዓመቱ ሃምሳ ማይል የሚሮጡበት ውድድር ውስጥ ገባሁ። ኡልትራ ማራቶን ይሉታል። ጠዋት ጀምሬ አመሻሽ ላይ ጨረስኩ።

እናቴ ደሴ ናት፤ በርበሬ ነጋዴ። እሷ ቤት ስልክ የለም፤ ጎረቤት ቤት ተጠርታ ነው የምታናግረኝ።

"እማዬ፣ ሃምሳ ማይል ሮጥኩ!" አልኳት።

"ማን አባሮሽ?"

"ማንም። ውድድር ነው።"

"ታዲያ ምን ሰጡሽ?"

"ቲሸርት።"

መስመሩ የተቋረጠ መሰለኝ። ከዚያ፣ "ሜዳ ሜዳውንማ አህያም ይሮጣል" አለችኝ። "ጦሳን የመሰለ አቀበት የሮጥሽ ለት ደውይልኝ። ያን ጊዜ ለገበያው ሁሉ እናገርልሻለሁ።"

እንዲህ ናት እማዬ። ጦሳ ከደሴ በላይ ያለው ተራራ ነው፤ በልጅነቴ ከኋላዋ እየተከተልኩ ወጥቼዋለሁ። አጋጣሚ ሆኖ ጆይስ ከአስራ ሦስት ቀን በኋላ ለሚደረግ የተራራ ሩጫ ቀድማ ስሜን አስመዝግባለች። እልሄ ተነሳ። ቅዳሜ ልሮጥ፣ እሁድ ልደውል፣ የስልክ ካርድ ገዝቼ ትራሴ ስር አስቀመጥኩ።

ሰውነቴ ግን ሌላ ነገር ይላል። አራት የእግር ጥፍሮቼ ወልቀዋል። ቀኝ ጉልበቴ ዱባ አክሏል። ሽንቴ ለሁለት ቀን የጠቆረ ሻይ መስሎ ነበር። ያየኝ ዶክተር "ሦስት ሳምንት እንዳትሮጪ" ሲለኝ ራሴን ነቀነቅኩለት። ራስ መነቅነቅ ኢንግሊዝኛ አይፈልግም።

በውድድሩ ሳምንት፣ ረቡዕ ለት፣ እኔ ሥራ ላይ ሳለሁ ከደሴ ተደወለ። እማዬ ገበያ ውላ፣ እራቷን በልታ፣ ተኝታ፣ በዚያው አልነቃችም። ስልኩን ያነሳችው አስካለ ናት። ይሄንን ሁሉ የሰማሁት በኋላ ነው።

በእኛ ደንብ መርዶ ለብቻ አይነገርም። ሰው ይሰበሰባል፣ ትልቅ ሰው ይቀድማል፣ በማለዳ ይኬዳል። አስካለ ለጋሼ ወርቁ ነገረቻቸው። ታክሲ የሚነዱ፣ ለሁላችንም እንደ አባት የሆኑ ሰው ናቸው። "ሰዉ ከሥራ የሚገናኘው እሁድ ነው፣ እሷም ትንሽ እህል ይግባላት፣ ሰውነቷ ይጠገን፤ እሁድ እናረዳታለን" አሉ። የቅዳሜውን ሩጫ ከቁም ነገር አልቆጠሩትም። በዚያ እግሯ የት ትሄዳለች ብለው ነው።

ሐሙስ ከሥራ ስመጣ ዶሮ ተሠርቷል። በዓል የለ፣ ምን የለ። አስካለ በሳፋ ሙቅ ውሃና ጨው አቅርባ እግሬን ታጥብልኝ ጀመር።

"አስኩ፣ ምን አጥፍተሽ ነው?" አልኳት። "ወንድ ልታስገቢብኝ ነው?"

አልሳቀችም። የአስካለ አለመሳቅ ያኔ ሊነግረኝ ይገባ ነበር።

አርብ ማታ ሻንጣዬን ሳዘጋጅ አንደኛው የሩጫ ጫማዬ ጠፋ። አልጋ ስር፣ ቁም ሳጥን፣ የለም። በመጨረሻ የምድጃውን ኦቨን ስከፍት፣ አንድ ድስት ውስጥ ክዳን ተከድኖበት ተኝቷል።

"ጫማ ልትጠብሺልኝ ነው?"

"አትሂጂ ብርቄ" አለች። "ጉልበትሽን እዪው። ሌላ ጊዜ ትሮጫለሽ፤ ተራራው የት ይሄዳል?"

"እናቴ እየጠበቀችኝ ነው እኮ!"

አፏን ከፈተች፣ መልሳ ዘጋችው። እኔ ዝምታዋን ምቀኝነት አደረግኩት። እንዲህ አልኳት፤ እስከ ዛሬ ምላሴን ያቃጥለኛል፦ "ቀንተሽ ነው። አንቺ የምትደውይላት እናት ስለሌለሽ።"

የአስካለ እናት ሱዳን ሳለን ነው የሞተችው። መታጠቢያ ቤት ገብታ ውሃውን ከፈተች፤ ሳይዘጋ ብዙ ቆየ።

ጠዋት ጋሼ ወርቁ በታክሲያቸው መጡ፤ አስካለ ጠርታቸው ነው። "መሄድሽ ካልቀረ ለብቻሽ አትሄጂም" አለች። ወደ ሰሜን ሁለት ሰዓት ነድተን ስንደርስ፣ "ተራራው የቱ ነው?" ብዬ ጠየቅኩ። የደሴ ሰው ጉብታ ነው የሚለው። ክረምት ላይ ፈረንጆች በበረዶ የሚንሸራተቱበት ቦታ ነው። ግን ያን ጉብታ ሦስት ጊዜ ወጥተሽ ሦስት ጊዜ ውረጂ ሲሉሽ፣ ያውም ሃምሳው ማይል ገና ከእግርሽ ሳይወጣ፣ ተራራ ይሆናል።

ወሩ ጥቅምት ነው። ቅጠሉ ረግፎ ዝናብ መትቶት፣ መሬቱ እንደ ተልባ ያሟልጫል። የመጀመሪያውን ዙር በእልህ ወጣሁ። እልህ እግር ስለሌለው አይደክመውም። ሁለተኛው ላይ ቁልቁለቱ ያዘኝ። አቀበት የሚፈልገው ትንፋሽ ነው፤ ሯጭ የሚገድል ቁልቁለት ነው። ጥፍር የሌለው ጣቴ ከጫማው ጫፍ ጋር በተጋጨ ቁጥር እሳት በአናቴ ይወጣል። አንድ ቦታ ጉልበቴ ከዳኝ። በጀርባዬ ተንሸራትቼ ከድንጋይ ጋር ተላተምኩ። ስነሳ ደሙ ካልሲዬ ደርሷል። ያለፉኝ ሰዎች "አር ዩ ኦኬ?" ይላሉ፤ "ኦኬ" እላለሁ። ሌላ ምን ይባላል?

ሦስተኛውን ዙር እየተጎተትኩ ስወጣ፣ ግማሽ መንገድ ላይ አስካለ ቆማለች። በቤተክርስቲያን ጫማዋ፣ ጭቃው ቁርጭምጭሚቷን ውጦት፣ ታለቅሳለች። ያን ሁሉ ሰውነት ተሸክማ እንዴት እዚያ እንደወጣች እግዜር ነው የሚያውቅ።

"ምን ያስለቅስሻል? የሞትኩ መሰለሽ እንዴ?" አልኳት።

ባሰባት። "ይበቃሻል ብርቄ። እንውረድ። በማርያም።"

"ጫፉ ይታየኛል እኮ! ለእማዬ ምን ልበላት? ግማሹን ወጣሁ ልበላት?"

አየችኝ። ያኔ ልትነግረኝ ነበር፤ ቃሉ ምላሷ ጫፍ ላይ ነበር። ከዚያ ነጠላዋን ከትከሻዋ አወረደች፤ ጭቃው ላይ ተንበርክካ የሚደማ ጉልበቴን ጥብቅ አድርጋ አሰረችልኝ።

"በይ ውጪ" አለች። "እዚሁ እጠብቅሻለሁ።"

ወጣሁ። ወረድኩም። ከኋላዬ የቀረ አንድ ሽማግሌ ፈረንጅ ብቻ ነበር። ሜዳሊያ አንገቴ ላይ አጠለቁልኝ።

ስንመለስ ሁለት ሰዓት ሙሉ አወራሁ። ለእማዬ እንዴት አድርጌ እንደምነግራት እለማመዳለሁ። "አህያ ያልሮጠበትን ሮጥኩ እላታለሁ። ትስቃለች አይደል ጋሼ?"

"ትስቃለች ልጄ" አሉ፤ አይናቸውን ከመንገዱ ሳያነሱ። መኪናው ዝናቡን ይጠርጋል፣ እሳቸው በእጅጌያቸው አይናቸውን ይጠርጋሉ። እኔ ጉንፋን ነው ብዬ፣ "ፌጦ ይጠጡበት" አልኳቸው።

እሁድ ከጠዋቱ አስራ ሁለት ሰዓት በሩ ተንኳኳ። ወለሉ ላይ ባለው ፍራሼ ተኝቻለሁ። ስምንት ሰው ገባ፤ ሴቶቹ ነጠላቸውን አዘቅዝቀዋል። አስካለ ብቻ ነጠላ የላትም፤ የሷ ነጠላ በኔ ደም ተበላሽቶ ሳፋ ውስጥ ተዘፍዝፏል። ጋሼ ወርቁ ኮፍያቸውን አወለቁ። "ብርቄ፣ እናትሽ አርፈዋል" አሉ።

ሰው መርዶ ሲሰማ ብድግ ይላል። ይዘላል፣ ደረቱን ይመታል። ሐዘን ቆሞ ነው የሚጀመረው። እኔ ልነሳ ብል እግሬ እምቢ አለኝ። ጉልበቴ አይታጠፍም፤ ጭኔ እንጨት ሆኗል። ሁለት ሴቶች በብብቴ ገብተው አቆሙኝ፤ ተመልሼ ፍራሹ ላይ ወደቅኩ። ደግመው አነሱኝ፣ ደግሜ ወደቅኩ። እናቴን ተቀምጬ አለቀስኳት። ያለኝን ጉልበት ለተራራ ሰጥቼ ለሷ አልተረፈኝም። የስልክ ካርዱ ትራሴ ስር ነው።

አስካለን ይቅር አላልኳትም። አራት ወር በአንድ ክፍል ውስጥ ሳንነጋገር ኖርን። ጀርባና ጀርባ ሰጥተን እንተኛለን፤ በልታ ስትነሳ እቀርባለሁ። የእናቴን መሞት እያወቀች አስሮጠችኝ እያልኩ ነበር የማብሰለስለው። አንድ የካቲት ጠዋት፣ ጉልበቴ መሮጥ ከልክሎኝ አብረን ባስ ስንጠብቅ፣ በረዶው ፊታችንን እየገረፈን፣ ሳታየኝ ተናገረች።

"ረቡዕ ብነግርሽ እናትሽ ረቡዕ ትሞት ነበር። እኔ እስከ እሁድ አቆየሁልሽ። ያን አቀበት ስትወጪ እናትሽ ነበረች። ከሞተች በኋላ አራት ቀን ተጨማሪ እናት የነበራት ማን አለ?" ባሱ የሚመጣበትን እያየች፣ "እኔ የናቴን እንደሞተች በዚያው ሰዓት ነው የሰማሁት" አለች።

እግሯ ላይ ልወድቅ በረዶው ላይ ተንበረከክኩ።

"ተነሺ" አለችኝ፣ "ጉልበትሽን ታበላሺዋለሽ።"

ተበላሽቶም ነበር። ይኸው ከስንት ዓመት በኋላ አውጥተው በብረት የለወጡት ያንኑ ጉልበት ነው።

አስካለ ልጇ ጋ ካልገሪ ከሄደች ቆይታለች። ግን ጠዋት አራት ሰዓት ሲሆን ሳትሰድበኝ ውላ አታውቅም። ሰኞ ለት፣ "አሮጊት፣ አዲሱ ጉልበትሽ ዋስትና አለው?" ብላኝ ነበር። ከዚያ ወዲህ ድምጿን አልሰማሁም። የኔ ስልክ ቢወሰድ የሜሮንን ታውቃለች።

ትናንት ሜሮንን እንደ ቀልድ፣ "አስካለ ደወለችልሽ?" አልኳት።

"ስልኳ የተበላሸ መሰለኝ" አለች፤ ጀርባዋን ሰጥታኝ። የዕቃ ማጠቢያውን ውሃ ከፈተች። የሚታጠብ ዕቃ አልነበረም። ብዙ ቆየ ሳይዘጋ።

ላፋጥጣት እችል ነበር። ግን "እሺ፣ ሲሠራላት ሰላም በይልኝ" ብዬ ተውኳት።

ዛሬ ቅዳሜ ነው። መራመጃዬን ይዤ ከመስኮት እስከ በር፣ ከበር እስከ መስኮት ስመላለስ ዋልኩ። ሜሮን የዶክተሩን ቃል የሰማሁ መስሏት ደስ አላት። እኔ የምለማመደው መቆም ነው። ነገ ጠዋት በሩ ሲንኳኳ ቆሜ ነው የምጠብቃቸው።

እስከዚያ አስኩ አለች።