ማሩ ከማኅተሙ በፊት

እትዬ ዓለምዘውድ ሲመጡ ገና ከአጥር ውጭ በሳላቸው አውቃቸው ነበር። እኔ የአውራጃው ፍርድ ቤት መዝገብ ቤት ጸሐፊ ነበርኩ፤ እሳቸው ደግሞ የቡታጅራ ጤና ጣቢያ የአዋላጅ ረዳት። ፍርድ ቤት የሚያመላልሳቸው ግን ማንም ያላዘዛቸው ሥራ ነው። ልጅ ያጡ ባልና ሚስት ሲያገኙ፣ እናቱ ከሞተችበት ሕፃን ጋር ያገናኛሉ፤ ከዚያም የጉዲፈቻው ውል በዳኛ ፊት እስኪጸድቅ ድረስ እጃቸውን ይዘው ይመራሉ። እውነቱን ለመናገር መጀመሪያ አልወዳቸውም ነበር። ማንበብ ሳይችሉ ማመልከቻዬን ሦስት ጊዜ ያስነብቡኛል፣ ቃል ያስለውጡኛል፣ ከዚያ «አሁንም አልጣመኝም» ይሉኛል።

መንዝ ተወልደው፣ ፖሊስ ባላቸውን ተከትለው መጥተው፣ ባላቸው ሲሞቱ እዚሁ የቀሩ ሴት ናቸው። ልጅ ፈላጊዎችን ሲመሩ ኮስታራ ነበሩ። «ቤት አታሰናዱ። ስም አታውጡ። ማኅተም ሳይመታ ‹ልጄ› የምትል ቃል ከአፋችሁ እንዳትወጣ። አንቺ ደግሞ ጡትሽን እንዳታስነኪ!» ይላሉ።

ይህች የመጨረሻዋ ነበረች ዋናዋ። በአገሩ ልማድ ያልወለደች ሴት ጡቷን ማር ቀብታ ሕፃን ካጠባች፣ ያ ሕፃን የጡት ልጇ ነው፤ ማሩ መሐላ ነው። አዲሱ የፍትሐ ብሔር ሕግ ግን ማር አያውቅም። እሱ የሚያውቀው የወላጅን ቃልና የዳኛን ማኅተም ነው። መጀመሪያ የመሯት አንዲት የቡኢ ሴት ቸኩላ በማር አጠባች። የሕፃኑ እናት በችሎት ሐሳቧን ቀየረችና ልጇን ይዛ ሄደች። የቡኢዋ ሴት ዓመት ሙሉ ከአልጋ አልወረደችም። እትዬ ዓለምዘውድ ያንን ዓመት በየሳምንቱ እየሄዱ አይተዋል፤ ለዚህ ነው የከረሩት።

በ፲፱፻፷፩ ዓ.ም. ታኅሣሥ ላይ መምህር ሸዋንግዛውንና ባለቤቱን አሰገደችን ይዘው መጡ። አሥራ አንድ ዓመት በትዳር ኖረው አልወለዱም። ሕፃኗ ከእንሴኖ ወዲህ ካለች መንደር ናት። እናቷ የሺመቤት በወሊድ ደም ሲፈሳት በእትዬ ዓለምዘውድ እጅ ላይ አረፈች። አያቷ እማማ ወለተ ሐና ልጅቷን በላም ወተት ሲያሳድጉ ቆይተው፣ ላሟም ስትነጥፍ እሳቸውም ታመሙ። ስለዚህ ሕፃኗ ፍርድ ቤቱ እስኪወስን ድረስ በአሰገደች ቤት በአደራ ተቀመጠች። በአደራ ብቻ! እትዬ ዓለምዘውድ ይህን ቃል በየቀኑ እየሄዱ ያስታውሱ ነበር።

የቀረው የአባትየው ቃል ነው። ተረፈ ይባላል፤ የሃያ አራት ዓመት ወጣት፣ አዲስ አበባ ተሸካሚ ነው። በአውቶቡስ ሾፌር እጅ ደብዳቤ ላክንለት። የመጣው መልስ አንዲት ቃል ነበረች፤ «እመጣለሁ» የምትል። ሊሰጥ ነው? ሊወስድ ነው? አይልም። ቀጠሮው ሐሙስ ሆነ። ልጅቷ ሰማንያ ቀኗ ሞልቶ ክርስትና የምትነሣው በተከታዩ ማክሰኞ ነው፤ አሰገደችም ቄሱ «የማን ልጅ?» ሲሉ ምን እንደምትመልስ እያሰበች እንቅልፍ አጣች።

ሐሙስ ችሎቱ ከምሳ በኋላ ነበር። ባልና ሚስቱ ከጠዋት ጀምሮ ግቢው ውስጥ ከባሕር ዛፉ ሥር ቆሙ። ሸዋንግዛው በየደቂቃው ሰዓቱን ያያል። አሰገደች ሕፃኗን በነጠላ ጠቅልላ አቅፋለች፤ ፊቷ አመድ መስሏል። እትዬ ዓለምዘውድ ቃሏን ሊያስጠኗት ሲጀምሩ እጃቸውን ያዘች።

«እትዬ ዓለም፣ አጥብቻታለሁ» አለች።

«ምን አልሽ?»

«ሰኞ ዕለት። ስታለቅስ አላስችለኝ አለ። በማር አጠባኋት።»

እኔ በመስኮት እሰማለሁ። እትዬ ዓለምዘውድ የሚጮሁ መስሎኝ ነበር። እሳቸው ግን ግንዱን ተደግፈው ቁጭ አሉ። «ለአባትየው ትነግሪዋለሽ» አሏት።

ሸዋንግዛው ደነገጠ። «ምን ነካዎት እትዬ ዓለም! ሳልፈቅድ ልጄን ወሰዱብኝ ቢልስ? ከማኅተሙ በኋላ ቢሰማ ምን አለበት?»

«በተደበቀ ነገር ላይ ማኅተም አላስመታም።»

«ልጅቷን ሊያሳጡን ነው!»

«ላሳጣችሁ እችላለሁ» አሉት። የቡኢዋ ሴት በዓይናቸው ላይ እንደመጣች እኔ እንኳ ገባኝ።

አውቶቡሱ ዘግይቶ ችሎቱ ሊጀመር ትንሽ ሲቀረው ገባ። ተረፈ አቧራ ለብሶ፣ አንድ ጥቅል በብብቱ ይዞ እየሮጠ መጣ። ተጎንብሶ እጅ ነሣ። ጥቅሉ በገመድ የታሰረ ነው፤ ከጫፉ ግን አዲስ የቆዳ ጠፍር ወጥቷል። አሰገደች አየችው። ሁላችንም አየነው። አንቀልባ ነበር። ልጅ የሚሰጥ ሰው አንቀልባ ገዝቶ ምን ያደርጋል?

ሸዋንግዛው ለሚስቱ በዓይኑ «ተይ፣ አትናገሪ» አላት። እሷ ግን ነገረችው፤ ሰኞ መሆኑን፣ በማር መሆኑን፣ ማንንም አለማስፈቀዷን።

ተረፈ ሕፃኗን አየ። «በማር?» አለ።

«በማር።»

«ማን አየ?»

«ባለቤቴና እግዚአብሔር።»

ሌላ አልጠየቀም። ያን ጊዜ ፖሊሱ ስማቸውን ጠራ፤ ተረፈ ጥቅሉን አንሥቶ ከሁሉም ቀድሞ ገባ።

ዳኛው ውሉን አነበቡና ጠየቁት። «ልጅህን በገዛ ፈቃድህ ለነዚህ ሰዎች በጉዲፈቻ ትሰጣለህ?»

እኔ ብዕሬን ቀለም ነክሬ እጠብቃለሁ፤ ቀለሙ ወረቀቱ ላይ ጠብ አለ። አሰገደች ሕፃኗን እንደሚነጥቋት ሁሉ ወደ ደረቷ ጥብቅ አደረገቻት። እትዬ ዓለምዘውድ ከኋላ ወንበር ላይ ሳላቸውን በነጠላቸው አፍነዋል።

«ጌታዬ» አለ ተረፈ በመጨረሻ፣ «እኔ ልወስዳት ነበር የመጣሁት። እንዴት እንደማሳድጋት አላውቅም፤ ግን ልወስዳት ነበር። አዲስ አበባ ዕቃ የማራግፍበት ግቢ አንዲት ልጅ አለች። ‹እንደ ልጃችን እናሳድጋታለን› ብለው ነው ከገጠር ያመጧት። ውኃ ትቀዳለች፣ ልብስ ታጥባለች፣ ወጥ ቤት ወለል ላይ ትተኛለች። የየሺመቤት ልጅ እንደዚያ እንድትሆን አልፈልግም። መምህር ናቸው፣ ትልቅ ሰው ናቸው ሲሉኝ የባሰ ፈራሁ።»

ሸዋንግዛው ሊናገር ከጀለ፤ ዳኛው በእጃቸው ከለከሉት።

«እዚያው ግቢ ደግሞ የጡት ልጅ አለ» አለ ተረፈ። «እሱ ከጌትዬው ጋር ከአንድ ገበታ ይበላል፤ ሲያመው እመቤቲቱ ጾሟን ታድራለች። በማር የጠባ ልጅ ገረድ አይሆንም። እኚህ ሴት አስቀድመው ማር አድርገዋል። ደግሞ እኔን ፈርተው አልደበቁም። እሰጣለሁ። የእናቷን ስም ግን ይንገሯት።»

«እነግራታለሁ፤ የሺመቤት» አለች አሰገደች ሳትጠየቅ።

ዳኛው ወደ እኔ ዞረው «ማሩን አትጻፈው፣ ለመዝገቡ አያስፈልግም» አሉኝ። ጻፍኩት። በሃያ ሁለት ዓመት አገልግሎቴ ዳኛ ያልታዘዝኩት ያን ቀን ብቻ ነው። ከዚያ ማኅተሙ ተመታ።

ስንወጣ ተረፈ ባሕር ዛፉ ሥር ተንበርክኮ ጥቅሉን ፈታና አንቀልባውን አነጠፈ። «እንኪ፣ ልጅሽን እዘያት» አላት።

አሰገደች አልተንቀሳቀሰችም። ወደ እትዬ ዓለምዘውድ አየች፤ ስንት ሳምንት የተከለከለችውን ቃል ትል ዘንድ ፈቃድ የምትጠብቅ መሰለኝ።

«ምን ታዪኛለሽ?» አሉ እትዬ ዓለምዘውድ። «ልጅሽ አይደለችም እንዴ!» ይህን ብለው፣ ያ ሁሉ ኮስታራነታቸው ጠፍቶ፣ ቆመው እንደ ሕፃን አለቀሱ።

ሕፃኗን አንቀልባው ላይ ሲያስተኟት ተነጫነጨች። ያን ጊዜ የሁላችንም እጅ ተዘረጋ፤ የአሰገደች፣ የሸዋንግዛው፣ የእትዬ ዓለምዘውድ፣ የእኔም ሳይቀር። የተረፈም እጅ ተዘርግቶ ነበር። እሱ ግን የራሱን መልሶ ኪሱ ከተተና፣ ጠፍሩን እንዴት እንደሚያስሩት በአፉ ብቻ ነገራቸው።