ቆማ የምትሄደው ቮልሴ

ከመምህርነት ጡረታ ስወጣ የማትነሳ አሮጌ ቮልስ ገዛሁ። ልጆቼ ጉድ አሉ። መካነ ሰላም ካለው ግቢዬ ወጥታ አታውቅም። አንድ ቀን ሐጂ ሙሄ የሚባሉ ሰው «እስቲ ልቀመጥባት» ብለው ገቡ፤ ከዚያ ወዲህ ጓደኛሞች ነን። ከሰዓት ከሰዓት እኔ መሪ እይዛለሁ፣ እሳቸው መንገዱን ይነግሩኛል።

«ቀስ በሉ መምህር፣ ጉም ወርዷል።»

ባለፈው ሳምንት መስኮቱ ተንኳኳ። ጎረቤቴ እትዬ ዘሀራ ናቸው፤ ጉልበታቸውን ስለሚያማቸው ከሰፈር ርቀው አይሄዱም። እንደ ሕፃን ስንጫወት ስለተያዝን አፈርኩና መሪውን ለቀቅኩ።

«ወዴት ናችሁ?»

ሐጂ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። «ወደ... አቀስታ።»

«የትውልድ አገሬ! ቦታ አለ?»

«እትዬ፣ መኪናዋ እኮ አትሄድም» አልኩ።

«አውቃለሁ። በአጥር ሳያችሁ ነው የከረምኩት።»

ሐጂ ወርደው ወንበሩን አጠፉላቸው፤ እትዬ ዘሀራ ከኋላ ገቡ። ነዳሁ። ሐጂ ዳገቱን፣ ገደሉን፣ የገብሱን ማሳ ቀስ እያሉ ሲጠሩ እሳቸው ዓይናቸውን ጨፍነው ይሰማሉ።

«ወራጅ አለ!» አሉ ከኋላ።

ሐጂ ደንግጠው ወረዱ። እትዬ ዘሀራ ፀሐይ በሞቀው ግቢዬ መሀል ቆሙና ሻርፓቸውን ጠበቅ አደረጉ።

«አይ አቀስታ! ዛሬም ብርድሽ እንዳለ ነው።»