«ትሄዳለች» ይሉ ነበር

አጎቴ የግራ እጃቸውን አንጓ በሁለት ጣት ይዘው፣ ፊታቸውን ወደ ጣና አዙረው የሚቀመጡባት በርጩማ ዛሬም ከደጃፋችን አለች።

በደርግ ጊዜ ፋብሪካ ውስጥ እግራቸው ተሰብሮ ሲታከሙ የሞርፊን መርፌ ሱስ ሆነባቸው። ከሱሱ እንዲላቀቁ ሐኪሙ ሜታዶን የሚባል መድኃኒት ሰጣቸው፤ «የልብ ምት ሊያዛባ ይችላል። ራስዎን ካዞረዎት ሳይውሉ ሳያድሩ ይምጡ» ብሎ አስጠነቀቃቸው። አንጓቸውን መያዝ የጀመሩት ያን ጊዜ ነው። እንዴት ነዎት ሲባሉ «ትሄዳለች» ይላሉ፤ ልባቸውን ነው።

በፍልሰታ፣ ቅዳሴ ላይ ቆመው ሳሉ ወደቁ። ያነሷቸው ሁሉ «ጾሙ ነው» አሉ።

«ጋሼ፣ ሐኪሙ ዘንድ እንሂድ» አልኋቸው።

«ሕፃናት የሚጾሙትን ጾም ልታስፈቺኝ ነው?» ብለው ሳቁ። ቆይተው ግን ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ «መድኃኒቱን ቢከለክለኝ ወደ መርፌው መመለሴ ነው። እሱስ ከሞት በምን ይሻላል?» አሉኝ።

ጾሙ ሳይፈታ በዚያችው በርጩማ ላይ እንደተቀመጡ አረፉ። ሁለቱን ጣቶች ከአንጓቸው ያላቀቅሁ እኔ ነኝ። ከዚያ ወዲህ በርጩማዋ ላይ የተቀመጠ የለም።

ለልቅሶ የመጡትም ጾሙ ጎድቷቸው ነው አሉ። አላረምኋቸውም። ቢያውቁትስ ለማን ይጠቅማል?