ወደ ሞጣ የሄዱት የአባቴ መሣሪያዎች

ትናንት ከቅዳሴ ስመለስ ከመንገዱ ዳር ካለው የእንጨት ሥራ ቤት አዲስ የተላገ ዋንዛ ሸተተኝ። ዛሬ ሥራው በማሽን ነው፤ ይጮኻል። ሽታው ግን ያው ነው፤ ትንሽ ጣፈጥ፣ ትንሽ መረር ብሎ ጉሮሮ ላይ ይቀራል። አጥሩን ተደግፌ ቆምሁ።

ባለቤቱ ብቅ ብሎ "እናቴ፣ ምን ልታዘዝ?" አለኝ።

"ምንም። እያሸተትሁ ነው" አልሁት። ሳቀና ወደ ማሽኑ ተመለሰ።

አንቺ አያትሽን አልደረስሽበትም፣ ልጄ። አባቴ አናጢ ነበር። እዚህ ቢቸና የእሱ እጅ ያልነካው በር ጥቂት ነው። ሥራ ቤቱ ከመኖሪያችን ጋር የተቀጠለ ነበር፤ ከመኝታው ክፍል አንዲት ትንሽ በር ታስገባለች፤ በወዲያኛው በኩል ደግሞ ወደ ምሥራቅ የሚከፈት ሰፊ በር አለው። መጋዙ፣ መላጊያው፣ መሮው በየመጠኑ ግድግዳው ላይ ተሰቅሎ ይውላል። መሐል ላይ እንጨት ቀርቅሮ የሚይዝ ከባድ የብረት ሞርሳ ነበር። ያንን ሞርሳ ሁለት ሰው አያነሣውም።

የአሥራ አምስት ዓመት ልጅ ሳለሁ፣ በጥር ወር፣ የአንድ የገጠር ቤተ ክርስቲያን ጣሪያ ሲሠራ አባቴ ወደቀ። በቃሬዛ አመጡት። ከወገቡ በታች አልታዘዝ አለው። እናቴ "ነፍሱን የተወልኝ አምላክ ይመስገን" አለችና ድስት ጣደች፤ ተሸክመው ያመጡት ሰዎች ከሩቅ ስለመጡ እንዳይራቡ። ስታለቅስ አላየኋትም።

መጀመሪያ ለፋሲካ ይነሣል አልን። ፋሲካ ሲያልፍ ለሰኔ አልን። ወጌሻ አሸው፤ ጸበል ወሰድነው። ጠያቂ ሲመጣ አባቴ "ደኅና ነኝ፤ ትንሽ ነው የቀረኝ" ይላል። እናቴም "ትንሽ ነው የቀረው" ትላለች። እኔም ትምህርት ቤት ሲጠይቁኝ ያንኑ እላለሁ።

እህሉ እየጎደለ ሄደ። በግንቦት እናቴ ሞርሳውን ከደጀን ለመጣ የጭነት መኪና ሾፌር ሸጠችው። አባቴ እንዳይሰማ ትንሿን በር ዘጋችና እኔን አልጋው አጠገብ አስቀምጣ ዳዊት እንዳነብለት አዘዘችኝ።

"ጮክ ብለሽ" አለችኝ በጆሮዬ።

ጮክ ብዬ አነበብሁ። ከግድግዳው ወዲያ አራት ሰዎች እያቃሰቱ ብረቱን ሲጎትቱ መሬቱ ተንቀጠቀጠ። እኔ ድምፄን ከፍ አደረግሁ። አባቴ ዓይኑን ጨፍኖ ያዳምጠኝ ነበር። አንድ ጊዜ ብቻ "ቀስ ብለሽ፣ ልጄ፤ ንጉሥ ዳዊት አይሄድብሽም" አለኝ።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ሥራ ቤቱ በሁለቱም በኩል ተቆለፈ። ቁልፎቹ እናቴ መቀነት ውስጥ ገቡ። ክረምቱን ሙሉ አባቴ በዚያች ክፍል ተኛ። ጭቃው ረጥቦ ይሸት ነበር፤ በደመናው ምክንያት ከመስኮቷ የሚገባው ብርሃን ጥቂት ነበር። መስቀል አልፎ ሰማዩ ሲጠራ፣

"ከሥራ ቤቱ ደጃፍ አውጡኝ እስቲ፤ የጠዋት ፀሐይ ልሙቅ" አለ።

የቤታችን በር ወደ ምዕራብ ስለሆነ የጠዋት ፀሐይ የሚገባው እዚያ ብቻ ነበር። እናቴ እጇን መቀነቷ ላይ አድርጋ "ቁልፉ ጠፍቶብኛል፤ እፈልገዋለሁ" አለችው።

"ፈልጊው" አለ። ሌላ ቀን አልጠየቀም።

በጥቅምት ጀርባው ላይ ቁስል ወጣበት። ባሕር ዳር ካልታከመ እንደማይሆን ነገሩን። ለመሳፈሪያውም ለመድኃኒቱም ከቤታችን የቀረው ነገር ግድግዳው ላይ ያለው ብቻ ነበር። ቢቸና ብንሸጠው ከጠያቂዎቹ አንዱ ማውራቱ አይቀርም። በፊት ለአባቴ ሳንቃ የሚያመጣ ነጋዴ ነበር፤ ሞጣ ውስጥ አንድ ሙስሊም አናጢ ሥራ እያሰፋ መሆኑን ለእናቴ ነገራት። እሷ በሽተኛዋን ጥላ መሄድ ስለማትችል እኔን ላከችኝ።

ከመሄዴ በፊት መሮዎቹን አንድ በአንድ በአሮጌ ነጠላዋ ጠቀለለቻቸው። መላጊያዎቹንና መጋዞቹን በጆንያ ከተተች። "ባለቤቱ ልኮኝ ነው በይ" አለችኝ። "ሌላ አትናገሪ።"

በአውቶቡሱ ላይ ጆንያውን በጉልበቶቼ መካከል ይዤ ሄድሁ። መንገዱ ሲያንገጫግጨን ብረቱ ይንጫጫል። ሰው ሁሉ የሚያየኝ ይመስለኝ ነበር። ማንም አላየኝም።

ሰውየውን ለማግኘት አልተቸገርሁም። ከአባቴ በዕድሜ ያንሳል፤ ኮፍያው ላይ የእንጨት ብናኝ ሰፍሮበታል። ነጠላውን ፈታና አንዱን መሮ አወጣ። ስለቱን በአውራ ጣቱ ወደ ጎን ዳበሰው። እንደገና ዳበሰው።

"ይኼን ማን ነው የሳለው?"

"አባቴ።"

"መቼ?"

"ሳይወድቅ በፊት" አልሁ። ከአፌ አመለጠኝ።

ቀና ብሎ አየኝ። "ወደቀ? እና እሱ ነው የላከሽ?"

አዎ ማለት ነበረብኝ። አንድ ቃል ናት። አፌን ከፈትሁና ዕለቱ ረቡዕ መሆኑ ትዝ አለኝ፤ ጾሜን ነበርሁ። ጾሜን ይዤ መዋሸት ከበደኝ። የጫማዬን ጫፍ አየሁ።

"አያውቅም ማለት ነው" አለ።

መሮውን ወደ ነጠላው መለሰው። እኔ ዕቃውን ተሸክሜ ባዶ እጄን የምመለስ መስሎኝ እንባዬ መጣ። እሱ ግን ወደ ውስጥ ተጣርቶ ሚስቱ ዳቦና ሻይ እንድታመጣልኝ አደረገ። "ሮብ መሆኑን አውቃለሁ፤ ሻዩ ወተት የለውም፤ ጠጪ" አለኝ። ጠዋት የቀመስሁት ነገር አልነበረም። ሰዓቱም ደርሷልና አማትቤ በላሁ።

"ስሚኝ፣ ልጄ" አለኝ ስጨርስ። "በሬ እንኳ ሲሸጥ ባለቤቱ ይባርክልህ ብሎ ነው ገመዱን የሚለቅ። ያ ካልተባለ የኔ ነው ብዬ አልወስደውም። ይኼ ደግሞ ከበሬም በላይ ነው፤ የሰውየው ዕድሜ ያለቀበት ነው። ሳይመርቀኝ ብሠራበት እጄን ይቆርጠኛል።"

"ልመልሰው?" አልሁት።

"አትመልሽውም።" ዕቃውን እንዳለ ሣጥን ውስጥ አስገብቶ ክዳኑን ዘጋ። "እዚህ ይቀመጣል፤ አልነካውም። ገንዘቡን ውሰጂ፤ ሕመም ምርቃት እስኪመጣ አይጠብቅም። አባትሽ ግን በገዛ አፉ ይባርክልህ ይበለኝ። እንቢ ካለም ዕቃው የእሱ ነው፤ መጥቶ ይወስዳል።"

ገንዘቡን በወረቀት ጠቅልሎ ሰጠኝ። አላህ ያሽረው አለ። እስከ ዛሬ በጸሎቴ አስበዋለሁ፤ እምነቱ ሌላ ነው ብዬ አልተውሁትም።

ማታ ለእናቴ ነገርኋት። ጓሮ ወስዳኝ በሹክሹክታ ተቆጣችኝ።

"አዎ ማለት ምን ይከብዳል?"

"ሮብ ነበር።"

"ሮብ ነበር! እኔ ከግንቦት ጀምሮ የምዋሸው ሐሙስ ሐሙስ ብቻ መስሎሻል?"

ከዚያ አንድ ድንጋይ ላይ ተቀመጠች። "አንቺው ንገሪው" አለችኝ በመጨረሻ። "እኔ ደክሞኛል። ከእንግዲህ አትነሣም ብዬ ከምነግረው ብሞት ይሻለኛል።"

በነጋታው አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጥሁ። ከየት እንደምጀምር አላወቅሁም። እሱ ጀመረልኝ።

"ትናንት ቀኑን ሙሉ ድምፅሽን አልሰማሁም። ወደ ደጀን ነው ወይስ ወደ ሞጣ?"

"ሞጣ።"

"ሁሉንም?"

"ሁሉንም።"

ጋቢውን ወደ ደረቱ ሳብ አደረገ። "ሞርሳው የወጣ ቀን አልጋዬ ከቦታው ተንቀሳቅሶ ነበር። አንቺ ደግሞ በዳዊት ጆሮዬን አደነቆርሽኝ።" ፈገግ ለማለት ሞከረ። "መነሣት እንደማልችል ከፋሲካ በፊት አውቄዋለሁ። እናትሽ ተስፋ ስታደርግ እያየሁ እንዴት ልንገራት?"

ያኔ ነው የገባኝ። እሷ ለእሱ ስትል፣ እሱ ለእሷ ሲል፣ በአንድ ቤት ውስጥ ያን ሁሉ ወር ተደባብቀው ከርመዋል።

ሰውየው ያለውን ሁሉ ነገርሁት። በጥሞና ሰማኝ።

"ስለቱን እንዴት አየው?"

"በአውራ ጣቱ፤ ወደ ጎን።"

"አናጢ ነው እንግዲያ" አለ። "ደብተርሽን አምጪ።"

እሱ ይናገራል፤ እኔ እጽፋለሁ። ትልቁ መላጊያ ወደ ግራ ይስባል፤ አትቆጣው፤ ምላጩን ከቀኝ ቀስ አድርገህ ምታው። ረጅሙን መጋዝ እርጥብ ግድግዳ ላይ አትስቀለው። የጠባቡ መሮ እጀታ ወይራ ነው፤ እኔ ነኝ የሠራሁት፤ ቢላላብህ ውኃ አታስነካው፤ በኑግ ዘይት እሸው። ዋንዛ ስትልግ የእንጨቱን ጭረት አቅጣጫ አይተህ ሂድ፤ ይኼን ታውቀዋለህ፤ ግን ልንገርህ ብዬ ነው።

ገጹ ሞላ። ገለበጥሁት። እስክሪብቶዬን ይዤ ጠበቅሁት። የቀረው ያ አንድ ቃል ነው፤ ሁለታችንም እናውቃለን።

"አለቀ?" አልሁት።

"አላለቀም። ውኃ ስጪኝ።"

ውኃውን ቀስ ብሎ ጠጣ። ጣሳውን መለሰልኝ። እጆቹን ከጋቢው ውስጥ አውጥቶ መዳፎቹን አያቸው፤ ከሥራ መራቁ ቆዳቸውን አለስልሶት ነበር። ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረና "ይባርክልህ በይው" አለ። ከዚያ ደግሞ ወደ እኔ ዞረ። "አይ፤ እንደሱ አይደለም። እኔ እንዳልሁት አድርገሽ ጻፊው። ይባርክልህ። ከእጄ ለቅቄዋለሁ።"

ጻፍሁ። ፊደሎቹ ተጣመሙብኝ፤ ደግሜ ግን አልጻፍሁትም።

ደብዳቤውን የአውቶቡሱ ረዳት ሞጣ አደረሰልን። በሦስተኛው ቀን ሲመለስ "ሰውየው ቆሞ ነው ያስነበበው፤ አሜን ብሏል" አለን። አባቴም ባሕር ዳር ሄዶ ታከመ። ቁስሉ ዳነለት፤ ሌሊት መተኛት ቻለ። እግሩ አልተመለሰም። ከዚያ ወዲያ እግዚአብሔር ጥቂት ዓመታት ሰጠንና ወሰደው። ስለተሰጠን ዓመታት አመሰግናለሁ፤ ስለቀሩት አልጠይቅም።

እኔ ግን ብዙ ጊዜ የማስታውሰው ደብዳቤው የተጻፈበትን ያንኑ ጠዋት ነው። ወረቀቱን ሳጥፍ እናቴ በሩ ላይ ቆማ ነበር፤ ከመቼ ጀምሮ እንደሰማች አላውቅም። እጇን መቀነቷ ውስጥ ከተተች።

"ቁልፉ ተገኘ" አለች።

"እግዚአብሔር ይመስገን" አለ አባቴ። "ብዙ ደከምሽበት።"

ትንሿን በር ከፈተች። ወዲያ አልፋም ሰፊውን በር ከፈተችው፤ ማጠፊያው በክረምቱ ዝጎ ስለነበር ጮኸ። ፀሐይ እስከ አልጋው ድረስ ገባች። እኔና እናቴ በጋቢው አድርገን እየጎተትን እያነሣን አወጣነው። ከብዶን ነበር፤ ቢሆንም ከጥር ወዲህ በጣም ቀልሏል። ደጃፉ ላይ አጎዛ አንጥፈን፣ ጀርባውን በትራስ ደግፈን አስቀመጥነው።

ዙሪያውን አየ። ግድግዳው ላይ ባዶ ሚስማሮች፣ መሬቱ ላይ ሞርሳው ቆሞበት የነበረ አራት ጉድጓድ፣ በየማዕዘኑ ያረጀ የእንጨት ብናኝ። እናቴ ፊቱን ላለማየት መጥረጊያ አንሥታ የተጠረገውን ቦታ ትጠርጋለች።

"እንዴ" አለ አባቴ። "ለካ ይኼን ያህል ሰፊ ነው። ስንት ዓመት ሙሉ ጠበበኝ፣ ጠበበኝ እያልሁ እናትሽን ሳማርራት።"

እናቴ መጥረጊያውን እንደያዘች ቆመች። ከዚያ ሳቀች። ከወደቀ ወዲህ ስትስቅ የሰማኋት ያን ጊዜ ነው። ሳቋ ሳያልቅ ልቅሶ ሆነ። አባቴ አጎዛው ላይ ትንሽ ፈቀቅ ለማለት ታገለ፤ ከጎኑ ቦታ ለቀቀላት።

"ነይ ቁጭ በይ" አላት። "ፀሐይዋ ለሁለት ትበቃለች።"